ቁጥሩ የት ላይ ይለካ?

ዛሬ የምጽፈው ስለ አንድ ቁጥር ነው። ቁጥሩ 1.3 ነው። ሁለት ግዙፍ የፕላስቲክ ጥሬ ዕቃ አምራቾች፣ የአሜሪካው ዳው ኬሚካልና የካናዳው ኖቫ ኬሚካልስ፣ ይህ ቁጥር ባለበት ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ምክንያት ከ2005 ጀምሮ ለዓመታት ፍርድ ቤት ተመላልሰዋል። (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ስለ ፓተንት ክርክር ሲወራ ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ስልክ ወይም መድኃኒት ነው። ይሄኛው ግን ስለ ፌስታልና ስለ መጠቅለያ ላስቲክ ነው። እነሱ የሚሠሩበት ፖሊኤቲሊን ሲቀልጥ ምን ያህል ይፈሳል፣ ሲለጠጥስ ምን ያህል ይጠነክራል? ጠቡ እዚያ ላይ ነው።

እኔን ለምን አገባኝ? አዲስ አበባ ዳር ባለ አንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ በጥራት ቁጥጥር ክፍል ሠርቻለሁ። አሁን የምኖረው ደግሞ ካልጋሪ ነው፣ ኖቫ ዋና መሥሪያ ቤቱን ያደረገባት ከተማ። ከሁለቱም ኩባንያዎች ጋር የሥራም ሆነ የጥቅም ግንኙነት የለኝም። የአሜሪካው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ነሐሴ ወር 2015 የሰጠውን ውሳኔ ሳነበው ግን የሕግ ጽሑፍ አልመሰለኝም። እኛ ላብራቶሪ ውስጥ ስንጨቃጨቅበት የኖርነውን ነገር ዳኞች ቁጭ ብለው በቁም ነገር ያዩት መሰለኝ። እስከ ዛሬም ከውስጤ አልወጣም፣ ስለዚህ ልጻፈው።

መጀመሪያ ስለ መፍሰሱ።

ፖሊኤቲሊን ፋብሪካ የሚደርሰው በ25 ኪሎ ከረጢት የታሸገ ግራኑል ሆኖ ነው። አብሮት በሚመጣው የጥራት ሰርተፊኬት ላይ ሁሌም የማይቀር አንድ ቁጥር አለ። ሜልት ፍሎው ኢንዴክስ ይባላል፣ ባለሙያው ባጭሩ ኤምኤፍአይ ይለዋል። አለካኩን ለሚያየው ሰው በጣም ቀላል ነው። ውስጡ 9.55 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የጋለ የብረት በርሜል አለ። ከሥሩ 2.095 ሚሊሜትር ቀዳዳ ያላት፣ 8 ሚሊሜትር የምትረዝም ዳይ ትቀመጣለች። ለፖሊኤቲሊን በርሜሉ 190 ዲግሪ ላይ ይደረጋል። ጥቂት ግራም ግራኑል ይጨመርና አየር እንዳይኖረው ጠቅጠቅ ይደረጋል። እስኪቀልጥ ይጠበቃል። ከዚያ ፒስተኑ ይገባል፣ ፒስተኑ ላይ 2.16 ኪሎ ይጫናል። የቀለጠው ፕላስቲክ በቀዳዳዋ እየተገፋ ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ እኛ ደግሞ ሰዓት ይዘን በየተወሰነው ሰከንድ እየቆረጥን እንመዝናለን። በ10 ደቂቃ ሂሳብ ስንት ግራም ወጣ? ቁጥሩ እሱ ነው።

ይህች ቁጥር ብዙ ትናገራለች። የፖሊመር ሞለኪውሎች ረጃጅም ሰንሰለቶች ናቸው፣ ሲቀልጡ እንደተወሳሰበ ፈትል እርስ በርስ ይያያዛሉ። ሰንሰለቱ በረዘመ ቁጥር መያያዙ ይበረታል፣ መፍሰሱም ይቀንሳል። ስለዚህ ኤምኤፍአይው ዝቅ ያለ ዕቃ ባብዛኛው ጠንካራ ነው፣ ግን ማሽን ላይ ያስቸግራል። ከፍ ያለው ቶሎ ይፈሳል፣ ሻጋታ ውስጥ ገብቶ ጥግ ጥጉን ይሞላል፣ ለባልዲና ለክዳን ይመቻል። ፌስታል የሚነፋ ኦፕሬተር የባልዲውን ግራኑል በስህተት ቢሰጡት ፊኛው ተዝረክርኮ ይወድቅበታል። ገና ማሽኑ ሳይሞቅ ይነግራችኋል፣ «ይሄ ማቴሪያል የኔ አይደለም» ብሎ።

ይሁንና ቁጥሩ ብቻውን ግማሽ ወሬ ነው። ሙቀቱን ቀይሩት፣ ቁጥሩ ይቀየራል። ክብደቱን ቀይሩት፣ ከዚያም በባሰ ይቀየራል። ፖሊፕሮፒሊን በ230 ዲግሪ ነው የሚለካው። ለፖሊኤቲሊንም ቢሆን 2.16 ኪሎ ብቻ አይደለም፣ 5 ኪሎም፣ 10 ኪሎም፣ 21.6 ኪሎም የሚጫንበት ጊዜ አለ። እንዲያውም በ10 ኪሎ የተገኘውን በ2.16 ኪሎ ለተገኘው ማካፈል ራሱን የቻለ መለኪያ ነው፣ ፕላስቲኩ በኃይል ሲገፋ ምን ያህል እንደሚቀጥን ያሳያል። ዳው በ1993 መጨረሻ ባገኘው ሌላ ታዋቂ ፓተንት ላይ ይህ ውጤት ከ5.63 እንዳያንስ ብሎ ጽፏል። በሁለት ክብደት የተለኩ ሁለት ፍሰቶች ውጤት የአንድ ፈጠራ ወሰን ሆነ ማለት ነው። ለዚህ ነው ኤኤስቲኤም ዲ1238 እና አይኤስኦ 1133 የሚባሉት መመዘኛዎች ገጽ በገጽ ስለ በርሜል ስፋት፣ ስለ ዳይ ጽዳት፣ ስለ መጠበቂያ ደቂቃ የሚያወሩት። ላልለመደው ሰው ያሰለቻሉ። እኔ ግን እወዳቸዋለሁ። እነሱ ባይኖሩ አዲስ አበባ ያለ ላብራቶሪና ሳውዲ ያለ ላብራቶሪ መነጋገር አይችሉም ነበር።

ፋብሪካ እያለሁ የሆነ አንድ ነገር ልንገራችሁ። አዲስ ጭነት ገባ። ሰርተፊኬቱ ላይ የተጻፈው ኤምኤፍአይና የኛ ማሽን ያወጣው ጭራሽ አይገናኝም። የኛው በጣም ዝቅ ያለ ነው። የሺፍት ኃላፊያችን፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው፣ ወረቀቱን አገላብጠው አዩና «ልጄ፣ ወረቀቱ ሌላ፣ ዕቃው ሌላ ነው እኮ!» አሉኝ። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ተጭበርብረናል ብሎ ደመደመ። ክፍያው ታገደ፣ ደብዳቤ ተጻፈ፣ በስልክ ተጯጯሁ። ማሽናችን ተፈትሾ ምንም አልተገኘበትም። በመጨረሻ ዕቃ አቅራቢው የለካው በ5 ኪሎ መሆኑ ታወቀ። ሰርተፊኬቱ ላይ ግን ቁጥሩ እንጂ ክብደቱ አልተጻፈም። እኛም 5 ኪሎ ጭነን ለካነው፣ ገጠመ። የዋሸ ሰው አልነበረም። ያ ሁሉ ጊዜና ያ ሁሉ ቅያሜ የመጣው አንድ መስመር ስለጎደለች ነው። እኔን ያናደደኝ የአቅራቢው መልስ ነበር፦ «ባለሙያ የሆነ ሰው ያውቀዋል»። ከየት ነው የሚያውቀው? ወረቀቱ ካልነገረው ከየት?

ይህን ጥያቄ ያዙልኝ፣ የይግባኙ ልብ እሱ ነው።

ወደ ዳውና ኖቫ እንሂድ። የዳው ፓተንቶች ሁለት ነበሩ፣ ቁጥራቸው 5,847,053 እና 6,111,023። ፈጠራው ጥሩ ፈጠራ ነው፣ ይህን ሳልሸሽግ ነው የምናገረው። ሁለት ዓይነት የኤቲሊን ፖሊመሮችን በማዋሃድ ቀጭን ሆኖ የማይቀደድ፣ ሲመታ የማይበሳ ላስቲክ መሥራት። ዳው ኢሊት በሚል ስም ይሸጠዋል። ኖቫ ደግሞ ሰርፓስ የሚባል ተመሳሳይ ዕቃ ለገበያ አቀረበ፣ ዳውም መብቴ ተጣሰ ብሎ ዴላዌር በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሰ።

እንግዲህ ከድብልቁ አንዱ ፖሊመር በፓተንቱ እንዲሸፈን ማሟላት ያለበት አንድ መስፈርት አለ። ሲለጠጥ የሚጠነክርበት መጠን በቀመር ይሰላል፣ ውጤቱ 1.3 ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ቀመሩ ሁለት ነገሮችን ያባዛል። አንደኛው ስሎፕ ነው፣ ማለትም የአንድ መስመር አቀበትነት መጠን፣ ወዲያው እመጣበታለሁ። ሁለተኛው ያው ኤምኤፍአይ ነው፣ በ2.16 ኪሎ የተለካው፣ ወደ 0.25 ኃይል ከፍ ተደርጎ። ኤምኤፍአይው ለምን ገባ? ሰንሰለታቸው ረጅም የሆኑ ፖሊመሮች ሲለጠጡ በተፈጥሯቸው ቶሎ ይጠነክራሉ። ፍሰቱን በማባዛት ያንን ልዩነት ታቻችለዋለህ፣ የተለያየ ፍሰት ያላቸውን ዕቃዎች በአንድ ሚዛን ማወዳደር ይቻላል። ሐሳቡ ብልህ ነው። የፍሰቱ ክፍል ደግሞ ችግር አልነበረበትም፣ ምክንያቱም መመዘኛ አለው። ሙቀቱ ይታወቃል፣ ክብደቱ ይታወቃል፣ ቀዳዳዋ ትታወቃለች።

ችግሩ ስሎፑ ላይ ነው። ከፕላስቲኩ ቁራጭ ይወሰድና ሁለት ጫፉ ተይዞ በማሽን ይጎተታል። ማሽኑ ኃይሉንና መለጠጡን እያገናኘ ጥምዝ መስመር ይሥላል። መስመሩ መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ከዚያ ፕላስቲኩ ይረታና ኃይሉ ብዙም ሳይጨምር ይለጠጣል፣ ይለጠጣል። በኋላ ሰንሰለቶቹ በጉተታው አቅጣጫ ተሰልፈው እንደገና እምቢ ማለት ሲጀምሩ መስመሩ ወደ ላይ ይነሳል፣ እስኪበጠስ። ይህ የመጨረሻው አቀበት ነው ስሎፑ የሚለካበት። ፓተንቱ ከዚህ ክፍል ጋር ትይዩ የሆነ መስመር አስምረህ ስሎፑን አስላ ይላል።

ግን አቀበቱ ቀጥ ያለ መስመር አይደለም። ጥምዝ ነው። ጥምዝ መስመር ደግሞ በየነጥቡ ስሎፑ ይለያያል፣ ይህን አሥረኛ ክፍል የጨረሰ ሁሉ ያውቀዋል። ታዲያ የቱ ጋ ነው የሚሰመረው? ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ሦስት መንገዶች እንዳሉ ተነገረ። አንዱ ከመበጠሻው ወደ ኋላ በአሥር በመቶ ያለውን ነጥብ ይዞ መስመር መሳብ ነው፣ አንዱ የመጨረሻውን ስሎፕ መውሰድ ነው፣ ሌላው ከአቀበቱ ይበልጥ ቀጥ ያለውን ክፍል መርጦ መለካት ነው። ሦስቱ የተለያየ ውጤት ሊሰጡ ይችላሉ። የዳው የባለሙያ ምስክር ደግሞ ከሦስቱ አንዱንም አልተጠቀመም። ከፍተኛውን ስሎፕ የሚያገኝበት የራሱን መንገድ አዘጋጅቶ በእሱ ለካ። አራተኛ መንገድ ማለት ነው። ፓተንቱ ውስጥ ከአራቱ የትኛው እንደሚመረጥ አልተጻፈም።

ይህ ልዩነት ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ በራሴ ምሳሌ ላሳያችሁ። ኤምኤፍአይው 0.5 የሆነ ፖሊመር እንውሰድ። 0.5 ወደ 0.25 ኃይል ሲደረግ 0.84 ገደማ ነው። አንድ ባለሙያ ስሎፑን 1.5 ብሎ ቢያነብ ውጤቱ 1.26 ይሆናል። ከ1.3 በታች ነው፣ ኖቫ ነፃ። ሌላው ባለሙያ ከዚያው ጥምዝ ላይ ትንሽ ከፍ ብሎ ለክቶ 1.6 ቢያነብ 1.34 ይሆናል። ኖቫ መብት ጥሷል። ማሽኑ ያው፣ ቁራጩ ያው፣ ሁለቱም ሰዎች ታማኝ። በመካከላቸው ያለው በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ነው። አሁን ራሳችሁን ኖቫ ውስጥ አዲስ ዕቃ በሚቀምም ኬሚስት ቦታ አስቀምጡ። ፓተንቱን ከፍቶ ያነባል። የተከለከለው የት ላይ ይጀምራል? ከዚያ ርቆ መሥራት ይፈልጋል፣ ግን ከምን ይራቅ?

በ2010 ጁሪው ለዳው ፈረደ፣ ከ61 ሚሊዮን ዶላር በላይ ካሳ። ኖቫ ይግባኝ አለ። በ2012 መጀመሪያ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም ፍርዱን አጸናው። በዚያን ጊዜ የነበረው የሕግ መለኪያ በጣም ለዘብተኛ ነበር። አንድ ፓተንት ግልጽ አይደለም ተብሎ የሚሰረዘው ትርጉሙ ጭራሽ ሊፈታ የማይችል ሲሆን ብቻ ነው። አንድ የሚታመን ባለሙያ ቀርቦ «እኔ እንዲህ አድርጌ እለካዋለሁ» ካለ ባብዛኛው ይበቃ ነበር።

ከዚያ ነገሩን ሁሉ የለወጠ ውሳኔ ከሌላ አቅጣጫ መጣ። ጉዳዩ ስለ ስፖርት መሥሪያ ማሽን ነበር፣ በእጅ ሲያዝ የልብ ምት ስለሚቆጥር መሣሪያ፣ ናውቲለስና ባዮሲግ በሚባሉ ኩባንያዎች መካከል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰኔ 2 ቀን 2014 ዳኞቹ ሁሉ በአንድ ድምፅ የድሮውን መለኪያ ጣሉት። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ሩት ቤደር ጊንስበርግ ነበሩ። ከእንግዲህ ፓተንት የመብቱን ወሰን ለሙያው ሰው በምክንያታዊ እርግጠኝነት መንገር አለበት፣ ካልነገረ ዋጋ የለውም ተባለ።

የዳውና የኖቫ ክርክር በዚህ ጊዜ አላለቀም ነበር። የመጀመሪያው ፍርድ የሚሸፍነው እስከ 2009 መጨረሻ ያለውን ሽያጭ ነው። ፓተንቶቹ ጥቅምት 15 ቀን 2011 ጊዜያቸው እስኪያልቅ ድረስ ለተሸጠው ዕቃ ደግሞ ተጨማሪ ወደ 30 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ተወስኖ ነበር። ኖቫ በዚህ ላይ ይግባኝ አለ፣ አዲሱን መለኪያ ይዞ። ነሐሴ 28 ቀን 2015 ያው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ በዳኛ ዳይክ ጸሐፊነት፣ ተጨማሪውን ካሳ ሰረዘ። ምክንያቱ እኔ ከላይ የጻፍኩት ነው፦ ብዙ መለኪያ መንገዶች አሉ፣ የተለያየ ውጤት ይሰጣሉ፣ ፓተንቱም ሆነ የማመልከቻው መዝገብ የትኛውን እንደምንይዝ አይነግረንም። ምስክሩ የራሱን መንገድ ፈልጎ ማግኘቱ አይበቃም።

እኔ ይህ ውሳኔ ትክክል ነው ብዬ ነው የማምነው፣ በሙሉ ልብ። የምስክሩን ሙያ አልጠራጠርም፣ በዘርፉ የተከበረ ሰው ነው። ግን እሱ የዳውን ጉዳይ ለማስረዳት ከዓመታት በኋላ ያዘጋጀውን መንገድ ኖቫ ውስጥ ያለው ኬሚስት ዕቃውን ሲቀምም ከየት አምጥቶ ያውቀዋል? የኛ አቅራቢ እንዳለው «ባለሙያ ያውቀዋል» ነው ነገሩ። ፓተንት ደግሞ ከጥራት ሰርተፊኬት እጅግ የከበደ ወረቀት ነው። መንግሥት ለ20 ዓመት ሌላውን ሰው ሁሉ ከአንድ ነገር የሚያግድበት ሰነድ ነው። ከምን እንደታገድኩ ሊነግረኝ ይገባል።

በዳው በኩል ያለውን ክርክርም አውቀዋለሁ፣ ቀላል አይደለም። ፈጣሪዎቹ በእርግጥ የደከሙበት ሥራ ነው። ፓተንቱን ሲጽፉ በሥራ ላይ የነበረው ሌላ መለኪያ ነበር፣ እሱን አምነው ጻፉ፣ የፓተንቱ ጊዜ ካለቀ በኋላ ሕጉ ተቀየረባቸው። ይህ ያማል። ሌላም አለ። ማንኛውም የላብራቶሪ ልኬት ከተበጠረ አንድ ያልተጻፈ ምርጫ አይጠፋበትም፦ ቁራጩ በየት አቅጣጫ ተቆረጠ፣ በምን ፍጥነት ተጎተተ፣ ከመፈተኑ በፊት ስንት ሰዓት ቆየ። ሁሉንም ጻፉ ከተባለ ፓተንት መቼም አያልቅም የሚል ወዳጅ አለኝ፣ እዚህ ካልጋሪ ውስጥ በምህንድስና የሚሠራ፣ ቡና ላይ በተገናኘን ቁጥር በዚህ እንከራከራለን። የኔ መልስ ሁሌ አንድ ነው። ውጤቱን የማይቀይረውን ተወው። የሚቀይረውን፣ ያውም ከ1.3 በላይና በታች የሚያደርገውን፣ አትተው። በዚያው ፓተንት ውስጥ የፍሰቱ ልኬት ሙቀቱና ክብደቱ ተጠቅሶ በሥነ ሥርዓት ተቀምጧል እኮ። ለስሎፑም አንድ ዓረፍተ ነገር መጨመር አያቅትም ነበር።

ይህ በሽታ የዳው ብቻ አይደለም። ፖሊመር ባለበት ሁሉ አለ ብል ማጋነን አይመስለኝም። ምክንያቱም ፖሊመር ውኃ ወይም ጨው አይደለም፣ ሞለኪውሎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። ረጅሙም አጭሩም በአንድ ከረጢት ውስጥ አለ። ስለዚህ ስለ ፖሊመር የሚነገር ቁጥር ባብዛኛው አማካይ ነው፣ አማካይ ደግሞ አወጣጡ ብዙ ነው። ኮፓክሶን የሚባለውን የነርቭ በሽታ መድኃኒት ተመልከቱ። መድኃኒቱ ራሱ ፖሊመር ነው። የቴቫ ፓተንት የሞለኪውል ክብደቱ ከ5 እስከ 9 ኪሎዳልተን ይሁን ይላል። ግን የሞለኪውል ክብደት አማካይ ቢያንስ በሦስት መንገድ ይሰላል፣ ሦስቱም የተለያየ ቁጥር ይሰጣሉ። ቴቫ በአንዱ ማመልከቻ ላይ አንዱን ነው አለ፣ በሌላው ማመልከቻ ላይ ሌላውን። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ደርሶ ተመለሰ፣ በሰኔ 2015 ይግባኝ ሰሚው ግልጽ አይደለም ብሎ ጣለው። ዳውና ኖቫ ከመወሰናቸው ሁለት ወር ብቻ ቀደም ብሎ ማለት ነው።

ከዚያም በፊት፣ በ2003፣ የሃኒዌል ጉዳይ ነበር። ነገሩ ለመኪና ጎማ የሚሆን የፖሊስተር ክር ነው። የክሩ የመቅለጫ ነጥብ ተለክቶ ይወሰናል ይላል ፓተንቱ። ክሩን ለመለኪያ የማዘጋጀት አራት መንገድ አለ፣ ተጠቅልሎ፣ ተቆራርጦ፣ ተወጥሮ ወይም እንደ ኳስ ተደርጎ። የተከሳሹ ክር በፓተንቱ ውስጥ የሚወድቀው በኳሱ መንገድ ሲለካ ብቻ ነበር። ፓተንቱ ስለ አዘገጃጀቱ ዝም ብሏል። በድሮው ለዘብተኛ መለኪያ እንኳ ይህኛው አላለፈም።

አሁን ወደ ካናዳ። እዚህ ነው እኔ እንቅልፍ የማጣበት።

ዳው ለዚሁ ፈጠራ በካናዳም ፓተንት ነበረው፣ በ1994 ተጠይቆ በ2006 የተሰጠ። ያው ሰርፓስ፣ ያው ክርክር። የካናዳው ፌዴራል ፍርድ ቤት በ2014 ፓተንቱ ጸንቷል፣ ኖቫም ጥሷል አለ። ይግባኝ ሰሚውም በ2016 አጸናው፣ አሜሪካ ውስጥ ያው የፓተንት ቤተሰብ ግልጽ አይደለም ከተባለ ከአንድ ዓመት በኋላ። ከዚያ የቀረው የገንዘቡ ጉዳይ ነው። ኖቫ ከሰርፓስ ያገኘውን ትርፍ እንዲመልስ ተፈረደበት፣ ወደ 645 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር። ኖቫ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ ተከራከረ። ከክርክሮቹ አንዱ፣ ሰርፓስን ባላመርት በዚያው ፋብሪካ ለባልዲና ለሳጥን የሚሆን ፕላስቲክ አመርት ነበር፣ ያንን ትርፍ ልቀንስ የሚል ነው። ኅዳር 18 ቀን 2022 ስምንት ዳኞች በአንድ ተቃውሞ አይሆንም አሉ። የባልዲ ፕላስቲክ የሰርፓስ ምትክ አይደለም፣ ከፈጠራው የመጣው ትርፍ በሙሉ ይመለስ ነው።

በትርፉ ጉዳይ ላይ ፍርዱን እረዳዋለሁ። በሌላ ሰው ፈጠራ ያተረፈ ሰው ትርፉን ይዞ መቅረት የለበትም። የሚከብደኝ ከዚያ በፊት ያለው ነው። ድንበሩን በመኪና ተሻግሬ ሞንታና ብገባ ያ የፓተንት ቃል ወሰኑን አይነግርም ተብሏል። ወደ አልበርታ ስመለስ ይነግራል። ሕጎቹ እንደሚለያዩ፣ ማስረጃውም እንደየችሎቱ እንደሚቀርብ አውቃለሁ። የካናዳ ሕግ ባለሙያው ጥሮ ትርጉም እንዲያገኝለት የበለጠ ዕድል ይሰጠዋል። ላብራቶሪ ውስጥ ለቆመ ሰው ግን ይህ መልስ አይሆንም። ጥምዙ ሁለቱም አገር ያው ጥምዝ ነው።

አገር ቤት ያሉ ወጣት ኢንጂነሮች አንዳንዴ ይጽፉልኛል፣ ከተጣለ ፕላስቲክ ንጣፍ ሠራሁ፣ ፌስታልና መጋዝ ብናኝ ቀላቅዬ ጠንካራ ሰሌዳ አወጣሁ፣ ፓተንት እንዴት ላውጣ እያሉ። ደስ ይለኛል። የኛም አዋጅ ቁጥር 123/1987 (ይህ ዓመት ብቻ በኛ አቆጣጠር ነው) መግለጫው የሙያው ሰው አንብቦ ሊሠራው በሚችልበት ደረጃ ግልጽና የተሟላ እንዲሆን ይጠይቃል። ስለዚህ የሚልኩልኝን ረቂቅ ሳይ መጀመሪያ የምፈልገው ቁጥሮቹን ነው። «ኤምኤፍአይው 3 የሆነ» ተብሎ ከተጻፈ በስንት ዲግሪ፣ በስንት ኪሎ፣ በየትኛው መመዘኛ ብዬ እመልሳለሁ። «ጥንካሬው ከ20 በላይ» ከተባለ የቁራጩ ውፍረት፣ የጉተታው ፍጥነት፣ ከጥምዙ የቱ ነጥብ እላለሁ። አንዳንዶቹ ይሰለቻሉ። አንዷ ልጅ፣ በጣም ጎበዝ ናት፣ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ለባለሙያ ግልጽ ነው» ብላ ጻፈችልኝ። የ2015ቱን ውሳኔ አንድ ገጽ ተርጉሜ ላክሁላት፣ አራቱ የመለኪያ መንገዶች የተዘረዘሩበትን። ረቂቁን ወስዳ ለእያንዳንዱ ቁጥር አለካኩን ጽፋ መለሰችልኝ፣ አራት ገጽ የነበረው ዘጠኝ ገጽ ሆኖ። የመጎተቻ ማሽኑ የዩኒቨርሲቲው ነው፣ ወረፋው ረጅም ነው፣ ሁለት ልኬቶችን እንደገና ማድረግ አለባት። ካደረገች በኋላ ታስገባዋለች።